ምዕራፍ ሰባት፦ አደራው ሲተረጎም

ጥያቄዎቹ ጥቂት ነበሩ። ልጁን አይታችሁታል? ሌላ ልጅ አላችሁ? ስለ ተወለደበት አገርና ስለ ባህሉ ምን ልትነግሩት አስባችኋል? ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ወደ ኋላ እንደማይባል ታውቃላችሁ? ባሕር ተሻግረው የመጡት ባልና ሚስት በአስተርጓሚ አፍ «አዎ፣ እናውቃለን» ይላሉ። ዳኛዋ ፋይሉን ያገላብጣሉ። የሕፃናትን ጉዳይ ከሚከታተለው ሚኒስቴር የሚላከው የድጋፍ ደብዳቤ ውስጡ ካለ ጉዳዩ ያልፋል፤ ካልደረሰ ይቀጠራል። በአዲስ አበባ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የአንድ ሕፃን አገር፣ ስምና ቤተሰብ የሚለወጠው በደቂቃዎች ውስጥ ነበር።

ወላጅም ይጠየቃል። ከሀዲያ ወይም ከከምባታ ገጠር ተነሥታ፣ ምናልባትም አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየች እናት ትቆማለች። ልጅዎን ለጉዲፈቻ የሰጡት በፈቃድዎ ነው? አዎ። የሚያስከትለውን ተረድተዋል? አዎ።

ሁለቱም ወገን አዎ ብሏል፤ ሁለቱም አልዋሸም። ነገር ግን አዎ የተባለለት ነገር አንድ ነበር ወይ? የዓለም አቀፍ ጉዲፈቻን ታሪክ በሀዲያዋ ሆሳዕናና በከምባታዋ ዱራሜ በኩል የምናየው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው።

ቃሉ

«ጉዲፈቻ» አማርኛ ከኦሮምኛ የተዋሰው ቃል ነው፤ ሥሩ ማሳደግ ነው። አማርኛ ተናጋሪውም በራሱ መንገድ ያውቀዋል፤ የጡት ልጅ አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ። በሀዲያና በከምባታም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ልጅን ከተማ ካለ አጎት ወይም አክስት ዘንድ አስቀምጦ ማስተማር የተለመደ ነው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ልጁ ቤት ይጨምራል እንጂ ቤት አይለውጥም። ከሄደበት የሚያበላውና የሚያስተምረው ያገኛል፤ ከመጣበት ደግሞ ለቅሶና ሠርግ ይጠራል። ሲያድግ ወላጆቹን ይጦራል። ሰጪውም «ሰጠሁ» ከማለት ይልቅ «አደራ» ማለቱ ለዚህ ነው። አደራ የሰጠ ሰው የመጠየቅ መብት አለው፤ አደራ የተቀበለም መልስ አለበት።

ሕጋችን ከዚህ ስሜት ብዙ አልራቀም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዲፈቻን በጽሑፍ አስቀመጠው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ማለትም አዋጅ ቁጥር 213፣ ደግሞ ዘርዘር አድርጎ ደነገገው። አሳዳጊው ቢያንስ 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ልጁ ከ18 ዓመት በታች መሆን አለበት፤ ወላጆቹ በሕይወት ካሉ ሊስማሙ ይገባል፤ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ውሉ አይጸናም። አሳዳጊው የውጭ ዜጋ ከሆነ ደግሞ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ጉዲፈቻው ለልጁ እንደሚበጅ አስተያየቱን መስጠት ነበረበት። ዳኛዋ ከፋይሉ ውስጥ የሚፈልጉት ደብዳቤ ይኸው ነበር።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን አንቀጽ 183 ነው። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለውን ዝምድና እንደያዘ ይቆያል ይላል። አዲሱ ቤት በአሮጌው ላይ ይታከላል፤ ሁለቱ ቢጋጩ ቅድሚያው ለአሳደገው ቤት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ግን አይጠፋም። ማለትም ኢትዮጵያዊው ሕግና የሆሳዕናዋ እናት ይግባባሉ።

ባሕር ማዶ ያለው ግንዛቤ ሌላ ነው። ፈረንሳዮች ሁለት ዓይነት ጉዲፈቻ አላቸው፤ አንዱ «ቀላል» ይባላል፣ የትውልድ ዝምድናን አያፈርስም፤ ሌላው «ሙሉ» ይባላል፣ የቀድሞውን ዝምድና ቆርጦ ልጁን ለአዲሶቹ ወላጆች እንደተወለደ ያደርገዋል። በአሜሪካ የተለመደው የሁለተኛው ዓይነት ብቻ ነው። አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ ወላጅ ተብለው የሚጻፉት አሳዳጊዎቹ ናቸው፤ የወለደችው እናት በሕግ ፊት ባዕድ ትሆናለች። እንግዲህ አንድ ልጅ ከሆሳዕና ተነሥቶ አሜሪካ ሲገባ፣ ዝምድናን ከሚጨምር ሕግ ወጥቶ ዝምድናን ወደሚተካ ሕግ መግባቱ ነው። የተሻገረው የአገር ድንበር ብቻ አልነበረም።

መንገዱ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። መንገዱ በዓለም ገና ወጥቶ ቡታጅራንና ወራቤን አልፎ እንሰት ወደከበበው ደጋ ይወጣል። የከተማዋ የቀድሞ ስም ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ ይጠራበታል። ወደ ዱራሜ ለመሄድ የሀምበሪቾ ተራራ እስኪታይ ወደ ደቡብ መቀጠል ነው። ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ግን ስሟ እጅግ ርቀው በሚገኙ ቤቶች፣ ከሚኒሶታ እስከ ቴክሳስ፣ በጉዲፈቻ ፋይል ላይ ይነበብ ነበር።

ለምን እዚህ? አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ስህተት ይሆናል። አካባቢው በአገሪቱ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሰፈረባቸው አንዱ ነው፤ ከምባታ በተለይ። መሬት ከአባት ወደ ልጅ ሲሸነሸን ኖሮ ጓሮ አክሏል። እንሰት በትንሽ መሬት ብዙ አፍ ይመግባል፤ ግን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ ባል የሞተባት ወይም ወባና ሳንባ ነቀርሳ ቤቷን የጎበኘባት እናት እነዚያን ዓመታት ላትጠብቅ ትችላለች። በሌላ በኩል ሰው ርቆ ሄዶ ቤተሰቡን ማንሳቱ እዚህ ሲወራ የኖረ ተስፋ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዛት ያለው ነው፤ እሱ በላከው ገንዘብ የተሠራው ቆርቆሮ ቤት ከመንገድ ዳር ይታያል። ሌላው የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት በአካባቢው ሥር የሰደዱ ናቸው፤ በእነዚያው ዓመታት በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ ወላጅ አልባ ልጅን ማሳደግ እንደ ሃይማኖታዊ ጥሪ ይሰበክ ነበር። የሁለቱ መገናኘት አይገርምም።

ፍላጎቱ የወጣበትን ፍጥነት ቁጥሩ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ በጉዲፈቻ የሄዱት ሕፃናት 440 ገደማ ነበሩ። አንጀሊና ጆሊ ከኢትዮጵያ ሕፃን የወሰደችው በዚሁ ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ቁጥሩ ከ2,500 በላይ ሆነ፤ ለአሜሪካ ልጅ በመስጠት ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። እነ ስፔን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን የወሰዱት ከዚህ ውጭ ነው። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ ለድርጅት፣ ለሰነድና ለጉዞ ብዙ ጊዜ ከ20 ሺህ እስከ 30 ሺህ ዶላር ያወጣ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በድሃ ገጠርና በባሕር ማዶ ቤት መካከል ሲመላለስ፣ መሐል ላይ የሚቆም ሰው መፈጠሩ አይቀርም። እዚያ አካባቢ ደላላ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም።

ሁለቱ ጉዞዎች

መጀመሪያ ላይ አሳዳጊዎች የሚመጡት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የጉዲፈቻ ድርጅቱ በውክልና ፍርድ ቤት ይቆምላቸዋል፤ እነሱ የሚደርሱት ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ለቪዛ ነው። ዳኛው ልጁን የሚሰጡት አይተዋቸው ለማያውቁ ሰዎች ነበር ማለት ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. ይህ ተለወጠ፤ አሳዳጊዎች ራሳቸው ችሎት እንዲቀርቡ ተጠየቀ። ከዚያ ወዲህ ጉዞው ሁለት ሆነ።

የመጀመሪያው ጉዞ የፍርድ ቤት ነው። ሰዎቹ ልጁን በሕፃናት ማቆያው ያዩታል፣ ያቅፉታል፣ አብረው ይጫወታሉ። ከቀናት በኋላ ችሎት ቀርበው አዎ ይላሉ። ከዚያ ልጁን ትተው ይመለሳሉ። ትንሹ ልጅ ለምን እንደመጡና ለምን እንደሄዱ አይገባውም፤ ትልቁ ልጅ ደግሞ ፎቷቸውን ትራሱ ሥር አድርጎ ይቆጥራል።

በሁለቱ ጉዞዎች መካከል የወረቀት ሥራ አለ፤ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። የፍርዱ ግልባጭ ይወጣል። በእሱ መሠረት አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይሠራል። በምስክር ወረቀቱ ፓስፖርት ይወጣል። ልጁ የሕክምና ምርመራ ያደርጋል፤ የሳንባ ነቀርሳ ከተጠረጠረ ሁሉም ነገር ይቆማል። ፋይሉ ሐምሌ ላይ ካላለቀ ችግር ነው፤ ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ ጀምሮ ለክረምት ይዘጋሉ፣ ሥራ የሚጀምሩት መስከረም ካለቀ ነው።

በዚህ የወረቀት ሰንሰለት ውስጥ አንድ ነገር ሳይጮህ ይፈጸማል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ከስማችን ቀጥሎ የሚቆመው የአባታችን ስም ነው። ልጁ ታምራት ሎምበሶ ነው እንበል፤ አሳዳጊው ማይክል ጆንሰን። በአዲሱ ፓስፖርት ላይ ልጁ ታምራት ማይክል ጆንሰን ይሆናል። ለውጭ አገር ሰው ይህ የቤተሰብ ስም መስጠት ነው። ለእኛ ግን ሎምበሶ የሚባል ሰው ከወረቀቱ ወጣ ማለት ነው፤ ከእሱ ጋር አያቱም፣ ጎሳውም፣ «የማን ልጅ ነህ?» ሲባል የሚሰጠው መልስም።

ሁለተኛው ጉዞ የአሜሪካ ኤምባሲ ነው። ቪዛው ሁለት ዓይነት ነበር። ሁለቱም አሳዳጊዎች ከፍርዱ በፊት ልጁን በአካል ካዩት በአንደኛው ይገባል፤ የአሜሪካ ምድር ሲረግጥ ዜጋ ይሆናል። ካላዩት በሁለተኛው ይገባል፤ ጉዲፈቻው በሚኖሩበት ግዛት እንደገና መጠናቀቅ አለበት። ኤምባሲው ግን ከቪዛው በፊት የራሱ ጥያቄ አለው፤ ይህ ልጅ በእርግጥ ወላጅ አልባ ነው?

«ወላጅ አልባ» ማነው?

በአማርኛ ወላጅ አልባ ማለት እናትና አባቱ የሞቱበት ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ትርጉሙ ይሰፋል፤ ወላጆቹ የሞቱ፣ የጠፉ ወይም የጣሉት ልጅ ወላጅ አልባ ነው። አንድ ወላጅ ብቻ ቀርቶት ያ ወላጅ ሊያሳድገው ያልቻለና «በማይሻር» ጽሑፍ የለቀቀውም እንዲሁ ነው። እናትና አባቱ በትዳር አብረው የሚኖሩ ድሃ ልጅ ግን አይገባም።

ከዚህ ትርጉም የመጣውን መዘዝ ማየት ቀላል ነው። ድህነት ብቻውን ልጅን ብቁ አያደርገውም፤ ሞት ግን ያደርገዋል። ስለዚህ በአንዳንድ ፋይሎች ላይ አባት ሳይሞት «ሞቷል» ተባለ፤ እናት ከጓሮዋ ሳትነሣ «አድራሻዋ አይታወቅም» ተጻፈ። አንዳንዱ ወላጅ ልጁ እንዲማርለት ብሎ የተባለውን ፈረመ፤ አንዳንዱም የተጻፈውን ሳያነብ ጣቱን አተመ። ሁሉም ፋይል እንዲህ ነበር ማለት አይደለም፤ በእርግጥም ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ነበሩ። ችግሩ እውነቱንና ሐሰቱን ተመሳሳይ ወረቀት፣ ተመሳሳይ ማኅተም መሸከሙ ነው።

ለዚህ ነው ኤምባሲው አንዳንዴ ወላጅን ወይም ዘመድን አዲስ አበባ ድረስ ጠርቶ የሚጠይቀው። ከ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ይህን ማጣራት ከፍርድ ቤቱ ውሳኔ በፊት እንዲሆን አደረገ። አካሄዱ አስተዋይነት አለበት፤ ፍርድ ከተሰጠና ልጁ «እማዬ፣ አባዬ» ማለት ከጀመረ በኋላ ጥያቄ ማንሣት ለሁሉም ከባድ ነው።

ሦስት ቋንቋ

ብዙ አሳዳጊዎች የወለደውን ቤተሰብ ማየት ይፈልጉ ነበር፤ ለልጁ ነገ የሚነግሩት ነገር እንዲኖራቸው። በማለዳ በሚኒባስ ከአዲስ አበባ ይነሣሉ፤ ሆሳዕና ወይም ዱራሜ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ወንበር ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል። እናት በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ትናገራለች፤ አንዱ ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ሌላው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ። መልሱም በዚያው መንገድ ይመለሳል።

በዚህ ድልድይ ላይ የትኛው ቃል እንደሚወድቅ እናስብ። እናት «አደራ» የሚል ሐሳብ ትናገራለች፤ እንግሊዝኛ ላይ ሲደርስ «ልጄን እንደምትወዱት አምናለሁ» ይሆናል። ጥሩ አረፍተ ነገር ነው፤ ግን ጥያቄው ወጥቶለታል። «ተምሮ ይመጣል» ስትል ደግሞ «አንድ ቀን ሊጎበኘን ይችላል» ይባላል። እነሱም ከልባቸው «ለዘላለም ልጃችን ነው» ይላሉ፤ እሷ ዘንድ ሲደርስ «በደንብ እናሳድገዋለን» ሆኖ ይሰማል። ማንም ማንንም አላታለለም። ፎቶ ይነሣሉ፤ ይላቀሳሉ፤ ሚኒባሱ ይነሣል።

ከዚያ እናት የምትጠብቀው ሪፖርቱን ነው። አሳዳጊዎች የልጁን ሁኔታና ፎቶ በየጊዜው ለመላክ ቃል ይገባሉ፤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ይደርሳል፣ በድርጅቱ በኩልም ለወላጅ ይታያል ይባላል። አንዳንዱ ቤተሰብ ሳያጓድል ላከ። አንዳንዱ ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ ተወ። ድርጅቱ ሲዘጋ ደግሞ የላከውም ወረቀት መድረሻ አጣ። ለእሷ ይህ የቢሮ ጉድለት አይደለም፤ አደራ መብላት ነው።

በሩ ሲዘጋ

በሩ በአንድ ቀን አልተዘጋም። ሚኒስቴሩ ከመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጀምሮ በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን ፋይል ወደ 5 ዝቅ እንደሚያደርግ አስታወቀ፤ ምክንያቱ ሰነዶቹን በጥንቃቄ መመርመር ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ፣ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ከኢትዮጵያ የሄደች የ13 ዓመት ልጅ በአሳዳጊዎቿ ግቢ በብርድና በረሃብ ሞተች፤ አሳዳጊዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኛ ተብለው ተፈረደባቸው። ዜናው አገር ቤት ሲደርስ ብዙ ወላጅ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የእኔስ?

እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የአሜሪካ ዐቃቤ ሕግ የአንድ ጉዲፈቻ ድርጅት ሠራተኞችን ከሰሰ። ክሱ ልጆቹን አስጠግተው በማያውቁ ማቆያዎች የተፈረሙ ውሎችን አቅርበዋል፣ ጉቦም ሰጥተዋል የሚል ነበር፤ ከተከሳሾቹ አብዛኞቹ ጥፋታቸውን አመኑ። በሕጋችን ማቆያ ልጅን ለጉዲፈቻ መስጠት የሚችለው ልጁ በእሱ እጅ ሲሆን ነው፤ እጁ ላይ ያልነበረን ልጅ የሰጠ፣ ያልተቀበለውን አደራ ሸጠ ማለት ነው።

በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. መንግሥት የውጭ ጉዲፈቻን አቆመ። በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በአዋጅ ቁጥር 1070 አሻሽሎ በሩን ዘጋው። በአንድ በኩል የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ቻርተር ከአገር የሚያስወጣ ጉዲፈቻን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል፤ ኢትዮጵያም ቻርተሩን ተቀብላለች። በሌላ በኩል መዝጋት ብቻውን ልጅ አያሳድግም። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ፣ የአደራ ቤተሰብ፣ ከዘመድ ጋር መልሶ ማገናኘት የሚሉት መንገዶች በወረቀት የሰፈሩትን ያህል ገንዘብና ሠራተኛ ይፈልጋሉ። ልጅ በዕድሉ ያድጋል ይባላል፤ ዕድሉን ግን ሰው ነው የሚያመቻችለት።

ሦስተኛው ጉዞ

እነዚያ ሕፃናት አሁን አድገዋል። በ2002 ዓ.ም. በሁለት ዓመቱ የሄደው ዛሬ አዋቂ ሊባል ነው። ለጉዲፈቻው የተደረጉት ሁለቱ ጉዞዎች የአሳዳጊዎቹ ነበሩ፤ ሦስተኛው የራሱ ነው። ይዞት የሚነሣው አንድ ፋይል፣ አንድ ፎቶ፣ አንዳንዴም ከነስህተቱ የተጻፈ የቀበሌ ስም ነው። «ቤተሰብ ፍለጋ» እንደሚባለው ያለ፣ ፈላጊንና ተፈላጊን የሚያገናኝ መዝገብ ተከፍቷል፤ ከዚህ ወላጅ ይመዘገባል፣ ከዚያ ልጅ፤ ስሙ፣ ዓመቱ፣ ማቆያው ሲገጥም ስልክ ይደወላል። የዘር ምርመራም ያግዛል። ፍለጋው ወደ ችሎት የወሰደውም አለ። ሕጋችን ጉዲፈቻ እንደማይሻር ቢደነግግም፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ከያዘው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ መንገድ ካስተዳደረው በሩን ክፍት ይተዋል። በዚህ በር ገብታ ኔዘርላንድ ያደገች አንዲት ወጣት ጉዲፈቻዋን በኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አሰርዛለች።

አብዛኛው ግን ክስ ይዞ አይመጣም። የሚመጣው መጀመሪያ የቀረበችውን ጥያቄ ይዞ ነው፤ አዎ ብለሽ ነበር፣ ለምን ነገር ነው አዎ ያልሽው? መልሱን የሚሰማው ዛሬም በሁለት አስተርጓሚ ነው።

ወደ ሆሳዕና ሲገባ የከተማዋ ትልቅ ሆስፒታል ላይ አንድ ስም ያነባል፤ ንግሥት እሌኒ መሐመድ። እሌኒ የሀዲያ ገዥ ልጅ ነበረች። በ15ኛው መቶ ዘመን ከአባቷ አገር ወጥታ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት ሆነች። ሃይማኖቷም ስሟም ተለወጠ። የራሷ ልጅ ሳይኖራት የባሏ ልጅ በዕደ ማርያም እንደ እናት አያት፤ በስተርጅናዋም ለሕፃኑ ልብነ ድንግል እንደራሴ ሆና አገር አስተዳደረች። የሄደችበት ቤት ሙሉ በሙሉ ተቀበላት። ሆኖም ከ500 ዓመት በኋላ የትውልድ አገሯ ሰዎች ሆስፒታል ሲሰይሙላት፣ ከስሟ ቀጥሎ የአባቷን ስም ጻፉ።

ታምራት ማይክል ጆንሰን የሚል ፓስፖርት የያዘ ወጣት ከዚያ ሰሌዳ ሥር ሲያልፍ፣ የሚፈልገው ከዚያ የበለጠ ነገር ላይሆን ይችላል። ማይክልን ፍቆ መውጣት አይደለም፤ ያሳደገው እሱ ነው። አንቀጽ 183 ከመጀመሪያው እንዳለው፣ ሎምበሶም አብሮ እንዲጻፍ ነው።